ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ዘመቻ በተለያየ የክብደት ደረጃ
«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በተሰኘው የኦንላይን ጨዋታ ውስጥ፣ ብዙ ተጫዋቾች ተባብረው ኃይለኛ ጠላትን የሚገጥሙበት «ሬይድ» የሚባል ዘመቻ አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. የተጨመረው ናክስራማስ የተባለ ሬይድ 40 ሰው አሰልፎ እጅግ የተቀናጀ ስልት የሚጠይቅ ስለነበር፣ የጨዋታው አዘጋጆች ያን ያህል የደከሙበትን ሥራ ከጥቂቶች በቀር አብዛኛው ተጫዋች ሳያየው ቀረ፤ በ2008 ግን ለ10 እና ለ25 ሰው ተስተካክሎ እንደገና ቀረበ። በ2011 ደግሞ የማይተዋወቁ ተጫዋቾችን ሥርዓቱ ራሱ አሰባስቦ የሚያሰልፍበት ቀላል ደረጃ ተጀመረ። ማቅለል ሲባል ግን የጠላትን ጉልበት መቀነስ ብቻ አይደለም፤ በከባዱ ደረጃ በአንድ ሰው ስህተት መላውን ቡድን የሚፈጅ ጥቃት፣ በቀላሉ ደረጃ የተሳሳተውን ብቻ እንዲጎዳ ማድረግ ይቻላል፤ ጀማሪው ስህተቱን አይቶ ስልቱን እንዲማር ስለሚያስችለውም ይህኛው ዘዴ ይመረጣል።