ድመቴ የዋጠችው ፀጉር

“ለድመት ብለህ ነው ከሥራ የቀረኸው?” አለኝ የቢሮ ባልደረባዬ እየሳቀ፡፡ አልፈረድኩበትም፡፡ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብሰማ “ምን ዓይነት ጥጋብ ነው?” ማለቴ አይቀርም ነበር፡፡ እኔ ባደግሁበት ቤት ድመት ማለት አይጥ የምትይዝ፣ ትራፊ የምትበላ፣ ስትታመም ደግሞ አልጋ ሥር ገብታ ወይ የምትድን ወይ የምትሞት ፍጡር ነበረች፡፡

ጥጤ ግን እንደዚያ አልሆነችልኝም፡፡ ነጭ፣ ፀጉረ ረዥም ድመት ናት፤ ስሟንም ያገኘችው ከፀጉሯ ነው፡፡ ወደ ውጭ አገር የሄደ ጎረቤቴ “አደራ” ብሎ ትቶልኝ ከሄደ አራት ዓመት አልፏል፡፡ ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ “ኸክ… ኸክ…” ስትል ሰማኋት፡፡ ይህ ለእሷ አዲስ አይደለም፡፡ በወር አንዴ እንዲህ ትልና እንደ ጣት የረዘመ እርጥብ የፀጉር ጥቅል አውጥታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሳህኗ ትመለሳለች፡፡ የዚያን ዕለት ግን ፀጉር አልወጣም፡፡ የወጣው ነጭ አረፋ፣ ቆይቶም ቢጫ ውኃ ነበር፡፡ ወደ ሳህኗም አልተመለሰችም፡፡

ፀጉሩ ሆዷ ውስጥ ምን ይሠራል ለሚል፣ መልሱ ያለው ምላሷ ላይ ነው፡፡ ድመት እጃችሁን ልሳችሁ የምታውቅ ከሆነ ምላሷ እንደ ሞረድ እንደሚሻክር ታውቃላችሁ፡፡ ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉበት፤ የተሠሩትም ጥፍራችን ከተሠራበት ከኬራቲን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የመንጠቆዎቹ ጫፍ እንደ ማንኪያ የተቦረቦረና ምራቅ ቀድቶ እስከ ቆዳዋ ድረስ የሚያደርስ መሆኑን አሳይተዋል፡፡ ድንቅ ማበጠሪያ ነው፡፡ ጉድለቱ መንጠቆው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የተነቀለውን ፀጉር መትፋት አለመቻሏ ነው፤ ያላት ምርጫ መዋጥ ብቻ ነው፡፡

ፀጉር ደግሞ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፡፡ አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ጨጓራ ውስጥ የተጠራቀመውን ታስመልሰዋለች፡፡ አደጋው የሚመጣው ጥቅሉ በአፍም ሳይወጣ፣ በታችም ሳያልፍ ትንሹ አንጀት ውስጥ ተሰክቶ ሲቀር ነው፡፡ ያን ጊዜ አንጀቱ እንደ ቡሽ ይወተፋል፡፡ ከውታፉ በላይ ፈሳሽና ጋዝ ይጠራቀማል፣ አንጀቱ ይነፋል፣ የተወጠረው ግድግዳ የደም ዝውውሩ ይቀንስበታል፡፡ ቶሎ ካልተደረሰለት ያ ክፍል ሞቶ ሊበሳ ይችላል፡፡ ከተበሳ ደግሞ የአንጀት ቆሻሻ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስና ጉዳዩ የሰዓታት ይሆናል፡፡

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው፡፡ የዚያን ዕለት ያደረግሁት ጎረቤታችን የሆኑት እናት የመከሩኝን ነው፡፡ “ዘይት አጠጣት ልጄ፣ ያንሸራትተዋል” አሉኝ፤ በመርፌ ስልቻ ቀድቼ በግድ አጠጣኋት፡፡ ግማሹን ተፋችው፡፡ የእንስሳት ሐኪሙ ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፡፡ በግድ የተጋተ ዘይት ወደ ሳንባ ሊገባና የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል፤ በተለይ ደጋግማ ለምታስመልስ ድመት፡፡ አንጀት ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት የተዘጋ በር ላይ ከኋላ መግፋት ነው፡፡ ሌላ ወዳጄ “ሕመም ከሆነ ፓራሲታሞል ስጣት” ብሎኝ ነበር፡፡ እንኳን አልሰማሁት! የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደ ሰው ማጣራት አይችልም፤ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይበቃል፡፡

በሁለተኛው ቀን ሰባት ጊዜ አስመለሰች፡፡ ውኃ ትጠጣለች፣ ወዲያው ትመልሰዋለች፡፡ ሆዷን ስነካት ጮኸች፡፡ ከዚያ በኋላ መጠበቅ አልቻልኩም፡፡ ድመት ያላችሁ ይህችን ልብ በሉ፤ አንዴ አስመልሳ የምትበላና የምትጫወት ድመት አታስደነግጥም፡፡ ደጋግማ የምታስመልስ፣ ምግብ የዘጋች፣ ጥግ ይዛ የተኛች፣ ዓይነ ምድር ያልወጣች ድመት ግን “ነገ ይሻላት ይሆናል” የምትባል አይደለችም፡፡ ድመት ምግብ ካቆመች ጥቂት ቀናት እንኳ ለጉበቷ አደጋ ናቸው፤ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበት ይጎርፍና ሁለተኛ በሽታ ይሆንባታል፡፡ እንደ ጥጤ የወፈረች ከሆነች ደግሞ ይብሳል፡፡

ሐኪሙ ቢሾፍቱ የተማረ ወጣት ነው፡፡ “የተማርነው በአብዛኛው ስለ ከብት ነው፤ ድመት የለመድኩት ከተማ ከገባሁ በኋላ ነው” ሲል በቅንነት ነገረኝ፡፡ መጀመሪያ የጠየቀኝ “መጨረሻ ዓይነ ምድር የወጣችው መቼ ነው?” የሚል ነበር፡፡ አላውቅም! የአሸዋ ሳጥኗን የምታጸዳው የቤት ሠራተኛችን ስለሆነች ስልክ ደወልኩላት፡፡ “ከሦስት ቀን ወዲህ ምንም የለም ጋሼ፣ ነግሬዎት የለ?” አለችኝ፡፡ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም፡፡

ለራጅ ሌላ ቦታ መሄድ ነበረብን፡፡ ፀጉር በራጅ እንደ አጥንት ወይም እንደ ሳንቲም ቁልጭ ብሎ አይታይም፤ የሚታየው በጋዝ የተነፋው አንጀት ነው፡፡ አልትራሳውንድ ሲጨመርበት ጥርጣሬው ይጠነክራል፡፡ ሌሊቱን በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጣት፤ ማስመለስ የሚያጠፋውን ውኃና ጨው ሳይተኩ ማደንዘዣ መስጠት አደገኛ ነውና፡፡ አንዳንዴ ፈሳሹ ብቻውን ረድቶ ጥቅሉ ያልፋል ተብዬ ነበር፡፡ ጠዋት ሁለተኛ ራጅ ተነሣ፤ ነገሩ ካለበት ንቅንቅ አላለም፡፡

ዋጋው የደመወዜ ግማሽ ነበር፡፡ ታላቅ እህቴ ሰምታ “አንተ፣ ሰው የሚታከምበት አጥቶ!” አለችኝ፡፡ የምመልሰው አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም፡፡ ፈረምኩ፡፡

ቀዶ ጥገናው በአጭሩ እንዲህ ነው፡፡ ሆዷ ይከፈታል፣ የተወተፈው ቦታ ይፈለጋል፣ አንጀቱ ተሰንጥቆ ጥቅሉ ይወጣና መልሶ ይሰፋል፡፡ ወሳኙ የአንጀቱ ቀለም ነው፤ ሮዝ ከሆነ በሕይወት አለ፣ ከጠቆረ ያ ክፍል ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች መገናኘት አለባቸው፡፡ የጥጤ ሮዝ ነበር፡፡ ያወጡላትን አሳዩኝ፤ አውራ ጣቴን የሚያህል፣ የተጠቀጠቀ፣ ግራጫ ነገር፡፡ ሽታው አይነገርም፡፡

ብዙ ሰው ቀዶ ጥገናው ካለፈ ሁሉም ያለፈ ይመስለዋል፡፡ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው፡፡ የአንጀት ስፌት ቢለቅ በብዛት የሚለቀው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፡፡ ስለዚህ ሥራ ቀርቼ ጠበቅኋት፡፡ እንደገና ማስመለስ፣ ትኩሳት፣ የሆድ መወጠር፣ መፍዘዝ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በሌሊትም ቢሆን መደወል ነው፡፡ ምግቧ ለስላሳ ሆኖ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በማንኪያ ያህል ይሰጣታል፡፡ ወተት አልሰጠኋትም፤ ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት አይስማማቸውም፡፡ ለሁለት ሳምንት ዝላይ ክልክል ስለሆነ መታጠቢያ ቤት ዘጋሁባት፡፡ ስፌቱን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ ቀፎ ተደርጎላታል፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳምና ቀፎውን ስትልስ ትውላለች፡፡

አሁን በየሁለት ቀኑ አበጥራታለሁ፤ ማበጠሪያው ላይ የቀረ ፀጉር ሆዷ አይገባም፡፡ ቁንጫ ያለባት ድመት እያሳከካት ራሷን ከልክ በላይ ስለምትልስ የቁንጫ መድኃኒቷን በጊዜው ትወስዳለች፡፡ ምግቧ እርጥብ እንዲሆን አድርጌአለሁ፡፡ ሐኪሙ የነገረኝ ሌላም አለ፡፡ ፀጉረ አጭር ድመት አዘውትራ የፀጉር ጥቅል የምታወጣ ከሆነ ጥፋቱ የፀጉሩ ላይሆን ይችላል፤ አንጀቷ በሌላ በሽታ ተዳክሞ ይሆናል፣ መታየት አለባት፡፡ ማሳልና ማስመለስም ይምታታሉ፤ “ኸክ ኸክ” የምትል ድመት አስም ይዟት ሊሆን ይችላል፡፡

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ መታጠቢያ ቤቱን ስከፍት ሽታ ተቀበለኝ፡፡ ጥጤ አሸዋዋን እየጫረች ነበር፡፡ ለሐኪሙ ደወልኩለት፤ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት መሰለኝ፡፡ “ወጣች?” አለኝ፡፡ “ወጣች” አልኩት፡፡ ከዚያ ለሠራተኛችንም ነገርኳት፡፡