ባዮኬሚስትሪን ለመማር ሲታሰብ፦ የወጪ መጋራት ዕዳን ከምሩቃን ገቢ ጋር ማመዛዘን

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ለመምረጥ በዝግጅት ላይ ለሚገኙ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ነው። በተለይ ባዮኬሚስትሪን ለማጥናት ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች፣ ከምረቃ በኋላ የሚጠብቃቸውን የወጪ መጋራት ዕዳ ከሚያገኙት ደመወዝ ጋር እንዴት ማመዛዘን እንደሚችሉ ያስረዳል።

በቅድሚያ አንድ ነጥብ ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ባዮኬሚስትሪ በአገራችን በስፋት የሚሰጠው በሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በአብዛኛው በሕክምና ትምህርት ክፍሎች ሥር ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ወደዚህ ሙያ የሚያደርሱት የተለመዱ መንገዶች ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ባዮቴክኖሎጂ ናቸው። በመሆኑም ስሌቱ የአንድ ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የሁለት ዲግሪ ስሌት ሆኖ መታየት አለበት።

የወጪ መጋራት ሥርዓት በሥራ ላይ የዋለው ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሥርዓቱን ያቋቋመው ደንብ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታ ወጪውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንዲጋራ ይደነግጋል። ክፍያው ከምረቃ በኋላ ከወር ገቢ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ የሚፈጸም ሲሆን፣ በ15 ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ ይኖርበታል። ተቀናሹን ከደመወዝ ላይ አንስቶ ለግብር ሰብሳቢው አካል ገቢ የማድረግ ኃላፊነት የአሠሪው ነው። አንድን ተማሪ የሚያስገድደው ግን በየዓመቱ የሚፈርመው ውል በመሆኑ፣ የእያንዳንዱን ዓመት ውል ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪዎች ውሉን በምዝገባ ግርግር መካከል ሳያነቡ እንደሚፈርሙ ይታወቃል፤ የዕዳቸውን መጠን የሚያውቁትም መልቀቂያ በሚጠይቁበት ዕለት ነው።

ዕዳውን የሚያከብደው የትኛው ክፍል ነው? ብዙዎች የላቦራቶሪ ትምህርት ውድ ስለሆነ ዕዳው የሚመነጨው ከትምህርት ክፍያ ይመስላቸዋል። ሆኖም ከትምህርቱ ወጪ የሚጋሩት 15 በመቶውን ብቻ በመሆኑ፣ ትልቁ ድርሻ ብዙውን ጊዜ የምግብ ነው። የተማሪዎች ዕለታዊ የምግብ በጀት 22 ብር ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ተማሪው በዓመት 300 ቀን በግቢ ይመገባል ብለን ብንወስድ፣ በቀድሞው መጠን የአራት ዓመት የምግብ ወጪ 26,400 ብር ይሆን ነበር። በአዲሱ መጠን ሙሉ በሙሉ ከተጋራ 120,000 ብር ይደርሳል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ከዓመታት በፊት የከፈሉትን መጠን መነሻ አድርጎ ማስላት ስለዚህ ያሳስታል።

ለምሳሌ ያህል፣ ምግብ፣ መኝታና የትምህርት ድርሻ ተደምረው 150,000 ብር ደረሱ እንበል። በወር 12,000 ብር የሚከፈለው ምሩቅ 10 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ብር ቢቀነስበት በ125 ወር፣ ከአሥር ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ይጨርሳል። 8,000 ብር የሚከፈለው ምሩቅ ግን በ800 ብር ተቀናሽ ከ187 ወር በላይ ያስፈልገዋል። የ15 ዓመቱ ገደብ 180 ወር በመሆኑ፣ ለእርሱ 10 በመቶ አይበቃም፤ በወር ቢያንስ 834 ብር መክፈል ይኖርበታል። ከዚሁ ደመወዝ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ እንደሚቀነሱም መዘንጋት አይገባም። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ አመልካቹ በራሱ ውል ላይ በሰፈረው መጠን እንዲተካቸው ይመከራል።

በገቢ በኩል የባዮኬሚስትሪ ዕውቀት የሚፈለግባቸው ቦታዎች አሉ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላቦራቶሪዎች፣ የመድኃኒት፣ የቢራና የምግብ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍሎች እንዲሁም ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ የምርምር ተቋማቱና ዩኒቨርሲቲዎቹ በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪን ይፈልጋሉ። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ ደግሞ የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ ፈቃዱ የሚሰጠውም በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ለተመረቁ ነው። በባዮሎጂ ወይም በኬሚስትሪ ተመርቆ በቀጥታ እዚያ ለመቀጠር ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። በሆስፒታል ለመሥራት የሚፈልግ ተማሪ ምርጫውን ከመጀመሪያው ማስተካከል አለበት።

ከዕዳው መጠን ይልቅ ብዙ ምሩቃንን የሚጎዳው የጊዜው አለመገጣጠም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው፤ ሥራ ፍለጋው ከዚያ በኋላ ይከተላል። በውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘ ምሩቅ ደግሞ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ያስፈልገዋል፤ ተቋማት በተለምዶ ይህንን የሚልኩት የወጪ መጋራት ዕዳ ሲጠናቀቅ ነው። በደመወዝ ቀስ በቀስ ይከፈላል ተብሎ የታሰበው ገንዘብ በዚህ ጊዜ በአንድ ላይ ይጠየቃል። በባዮኬሚስትሪ መስክ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል የተለመደ በመሆኑ፣ ቤተሰብ ለዚህ ቀን ከወዲሁ ጥቂት ማስቀመጥ ቢጀምር ከወለድ ብድር ይድናል።

ዕዳውን መቀነስ የሚቻልባቸው መንገዶችም አሉ። ከወላጆቹ ጋር እየኖረ የሚማር ተማሪ የግቢውን ምግብና መኝታ ካልተጠቀመ፣ ይህ በውሉ ላይ በትክክል መመዝገቡን ማረጋገጥ አለበት፤ ካልተመዘገበ ያልበላው ምግብ በስሙ ሊቆጠር ይችላል። በግቢው ከመመገብ ይልቅ የምግቡን ገንዘብ በእጁ የተቀበለ ተማሪ ግን ዕዳው አይቀርለትም። ደንቡ ዕዳን አጠቃሎ በቅድሚያ ለሚከፍል ቅናሽ፣ በመምህርነት ለሚያገለግል ደግሞ በአገልግሎት የመክፈል አማራጭ አስቀምጧል። መምህር ለመሆን የሚያስብ የሳይንስ ተማሪ ስሌቱ ከሌሎቹ በእጅጉ ይለያል።

የዕዳ መግለጫ የሚጠየቀው ተማሪው በተማረበት ተቋም ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ነው። ሲቀርቡ የመታወቂያ ካርድ፣ የየዓመቱን የውል ቅጂና፣ ተቀጥረው ከሆነ፣ ተቀናሹን የሚያሳይ የአሠሪ ደብዳቤ ይዘው ይቅረቡ። በመግለጫውና በውሉ መካከል ልዩነት ከታየ እርማቱን ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።