የጨው ውኃን በግራፊን ወንፊት ስለ ማጣራት

የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ይህን ጨው ለመለየት ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ዘዴ ውኃውን በብርቱ ግፊት በስስ የፕላስቲክ ገለፈት ማሳለፍ ነው። ግራፊን የተባለው ነገር ይህን ገለፈት ይተካል ተብሎ ብዙ ስለ ተነገረ፥ ተስፋው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግራፊን ማለት ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው፤ አቶሞቹም እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን ተያይዘዋል። የጽሕፈት እርሳስ ግራፋይት የዚህ ንጣፍ ክምር ነው። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነጠላውን ንጣፍ ለይተው በ2004 አስታወቁ፤ በ2010ም የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ያልተበሳ ግራፊን ሂልየምን እንኳ አያሳልፍም። ስለዚህ ወንፊት እንዲሆን ከአንድ ናኖሜትር፥ ይኸውም ከአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፥ ያነሱ ቀዳዳዎች ይበሱበታል። ጨው በውኃ ሲሟሟ ኢዮኖቹ የውኃ ሞለኪውሎችን እንደ ካባ ይደርባሉ። በዚህ ምክንያት ነጠላው የውኃ ሞለኪውል በቀዳዳው ሲያልፍ ካባ የደረበው ኢዮን ይቀራል።

በ2012 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊቃውንት በኮምፒዩተር አስልተው፥ እንዲህ ያለ ንጣፍ ዛሬ ካሉት ገለፈቶች እጅግ በበለጠ ፍጥነት ውኃ እንደሚያሳልፍ ገለጡ። በ2015 በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ በኦክሲጅን ፕላዝማ የተበሳ ንጣፍ ጨውን ሲለይ በተግባር ታየ፤ ነገር ግን የተፈተነው ንጣፍ እጅግ ትንሽ ነበር። አንድ ፋብሪካ በብዙ ሺህ ካሬ ሜትር የሚቈጠር ገለፈት ይፈልጋል፤ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ጥቂት ሰፋፊ ቀዳዳዎች ቢገኙ ጨው በእነርሱ ሾልኮ ይገባል።

ከዚህም ሌላ የተፈጥሮ ሕግ የሚያቆመው ወሰን አለ። የባሕር ውኃ ራሱ የአየርን ግፊት 27 ጊዜ ያህል የሚሆን የኦስሞሲስ ግፊት አለው። ወንፊቱ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፥ ከዚህ ባነሰ ግፊት ንጹሕ ውኃ አይወጣም። ከባሕሩ ውኃ ግማሹን ለማጣራት ለአንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ዛሬ ያሉት ደኅና ፋብሪካዎች ከ3 እስከ 4 ይፈጃሉ።

በ2014 የወጣ ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ገለፈቱ ውኃ የማሳለፍ ችሎታው ሦስት እጥፍ ቢሆን፥ ለባሕር ውኃ የሚተርፈው ኃይል 15 በመቶ ሲሆን፥ ጨውነቱ አነስተኛ ለሆነ የጕድጓድ ውኃ ግን 46 በመቶ ነው። ምክንያቱም የጕድጓዱ ውኃ የኦስሞሲስ ግፊት ጥቂት በመሆኑ፥ አብዛኛው ኃይል የሚጠፋው ገለፈቱን ለማለፍ ነው።

እንግዲህ የፈጣኑ ወንፊት ትልቁ ጥቅም ከባሕር ይልቅ በየብስ ይገኛል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከ1993 ጀምሮ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ በአፋር ቆላ ግን ጨዋማ ጕድጓዶች፥ በስምጥ ሸለቆም ጥርስንና አጥንትን የሚጐዳ ፍሎራይድ የበዛባቸው ጕድጓዶች አሉ። ስለዚህ ከእኛ መካከል ይህን ጥናት የሚቀጥል ቢኖር ከጕድጓድ ውኃ ይጀምር እንላለን። ከማጣራቱ የሚተርፈውን ብርቱ ጨዋማ ውኃ ባሕር በሌለበት የት እንደሚያፈሱት ግን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።