ዱር መንጥረው ያቀኑት እመቤትና የመሬቱ ደብተር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝ ሲደርስ፣ በአንድ በኩል የጉዛራን ግንብ ከኮረብታው ላይ፣ በሌላው በኩል ወደ ጣና የሚዘረጋውን ሜዳ ይመለከታል። በዚህ ሜዳ ላይ ገና ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ የሚወጣው ወንዱ ብቻ አይደለም። ጤፉን የምታርመው፣ ሽምብራውን የምትለቅመው፣ ምርቱን ወደ ጎተራ የምታስገባው፣ ከዚያም ውኃ ቀድታ እንጀራ የምትጋግረው ሴቲቱ ናት። ሞፈርና ቀንበር ግን በልማድ የወንድ በመሆኑ፣ «የዚህ ማሳ ገበሬ ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ባልየው» ነው።

ይህ ልማድ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ከ180 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከጀርመን አገር ተነሥተው በአሜሪካ ዱር መንጥረው የሰፈሩ አንዲት እመቤት ሕይወት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ታሪካቸው የታወቀው እርሳቸው ራሳቸው በአገራቸው ለቀሩት ወንድማቸው ለብዙ ዓመታት በጻፏቸው ደብዳቤዎች ነው። ደብዳቤዎቹም በ1988 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ቋንቋ በመጽሐፍ ታትመዋል።

ወይዘሮ ዬተ ብሩንስ የተወለዱት በ1813 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር፣ በቬስትፋሊያ፣ ኦልደ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ባላቸው ሐኪም ነበሩ። እኒህ ሐኪም አስቀድመው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚዙሪ ግዛት መሬት ከገዙ በኋላ፣ በ1836 ቤተሰቡ በሙሉ ጓዙን ጠቅልሎ በመርከብ ተሻገረ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ያልታረሰውን መሬት በዝቅተኛው ዋጋ አንዱን ኤከር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። አንድ ሄክታር ሁለት ኤከር ተኩል ያህል ስለሚሆን፣ የሄክታሩ ዋጋ ከ3 ዶላር እምብዛም አይበልጥም። መሬቱ ርካሽ ነበር። ማቅናቱ ግን ርካሽ አልነበረም።

የሰፈሩት ማሪስ በሚባል ወንዝ አጠገብ ነው። ሰፋሪዎቹ መንደሩን በትውልድ አገራቸው ስም ቬስትፋሊያ አሉት። ቤታቸው ከግንድ የተሠራ ነበር። በከተማ ያደጉት ወይዘሮ ዬተ በአንድ ጊዜ የገበሬ ቤት አስተዳዳሪ ሆኑ። ላም ማለብ፣ ቅቤ መግፋት፣ ሳሙናና ሻማ መሥራት፣ ልብስ መስፋት፣ የጓሮውን አትክልት መኮትኮት የእርሳቸው ሥራ ሆነ። ሐኪሙ ፈረስ ጭነው ከመንደር መንደር በሽተኛ ሲያክሙ ስለሚውሉና ስለሚያድሩ፣ የእርሻው ሐሳብም በሚስቲቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የሚያግዝ ሠራተኛ ማግኘት እንኳ ብርቅ ነበር።

ከሁሉ የከፋው መከራ የመጣው በ1841 ነው። የሆድ በሽታ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ልጆቻቸውን ወሰደባቸው። የሐኪም ቤት መሆኑ እንኳ አላዳናቸውም። የጣና ዳር ሰው ወባና ተቅማጥ በክረምት መውጫ ምን እንደሚያደርጉ ስለሚያውቅ፣ የእኒህን እናት ሐዘን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ወይዘሮ ዬተ ግን የተረፉትን ልጆች ይዘው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በኋላም ቤተሰቡ ጄፈርሰን ሲቲ ወደምትባለው የግዛቱ ዋና ከተማ ተዛወረ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በ1863 አንድ ልጃቸው በጦር ሜዳ ሞተ። በ1864 ባላቸውም ዐረፉ። መበለቲቱን የጠበቃቸው ዕዳ ነበር። በዚያ ዘመን በአገሩ ልማዳዊ ሕግ ያገባች ሴት ንብረቷን የሚያስተዳድረው፣ ውል የሚዋዋለውና የሚበደረው ባል ነው። ስለዚህ ሐያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤቱን ያቆመችው ሴት ሒሳቡን ያገኘችው ባልዋ ከሞተ በኋላ ነው። ወይዘሮ ዬተ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለግዛቱ ሸንጎ አባላት ምግብና ማደሪያ እያቀረቡ ቤታቸውን አስተዳደሩ። በ1899 አረፉ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ለእኛ ምንድነው? በአገራችን የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ፣ መሬቱን ራሱ ለማረስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። በ800 ሄክታር ክልል እንዲቋቋሙ የተደረጉት የገበሬ ማኅበራት ግን በመዝገባቸው ያሰፈሩት የቤተሰቡን ኃላፊ ስም ስለነበር፣ ባለትዳሯ ሴት ከባልዋ ስም በስተጀርባ ቀረች። ሕጉ ቢፈቅድም መዝገቡ አላወቃትም።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሬት ምዝገባ ይህን ጉድለት ለማረም የሞከረ ነው። ለባልና ሚስት በሚሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የሁለቱም ስም ይጻፋል፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ወይዘሮ ዬተ ያላገኙት ይህን ነበር።

ይሁን እንጂ ደብተር ብቻውን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሴትን አይጠብቅም። የሚያስከብረው በቀበሌው ያለው መሪ ነው። ስለዚህ የማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከምዝገባው በኋላ የተጋቡ ሰዎች ካሉ የሚስቲቱ ስም መግባቱ ይመርመር። ባልዋ የሞተባት ሴት ሐዘኗ ሳይወጣ የባል ዘመድ ድንበር እንዳይገፋባት ይጠበቅ። በሬ ወይም አራሽ አጥታ መሬቷን ለእኩል የምትሰጥ መበለት ውሏ በጽሑፍና በምስክር ይሁንላት፤ አለዚያ የዛሬው እኩል አራሽ የነገ ባለመሬት ነኝ ባይ ሊሆን ይችላል። ባል ሲበደርም ሆነ መሬት ሲያከራይ «ሚስትህ ታውቃለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ ሳይሆን የመሪ ግዴታ ነው።

ጎጆ የሚቆመው በምሰሶው ነው፤ ምሰሶው ግን ከውጭ አይታይም። በእንፍራንዝ ሜዳ ላይ ዛሬ ጎንበስ ብላ የምታርመው ሴት ነገ ብቻዋን ብትቀር፣ የለፋችበት ማሳ በእጅዋ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በዚያን ዕለት አይደለም። የሚታወቀው ዛሬ መዝገቡ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው።