የልጆች ጠያቂነትና ከአዲስ ሥፍራ ጋር መላመድ

ድርቅ ከቀዬው ያስነሣው ቤተሰብ በአዲስ ሥፍራ ሲሠፍር በቅድሚያ የሚታሰብለት እህል፣ ውኃ፣ መጠለያና መድኃኒት መሆኑ ይታወቃል። ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ሀብት አለ፤ ይኸውም የልጆች ጠያቂነት ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሠፍር ተደርጓል፤ ብዙዎቹም የሄዱት ወደው አልነበረም። በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ፣ በፓዌ የሠፈሩትን ደገኞች የጠበቃቸው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ የሆነ ቆላ፣ ወባና ከብት የሚፈጀው ገንዲ ነበር። ወላጆች በትውልድ ቀያቸው ያካበቱት ዕውቀት በከፊል የማይሠራበት አገር ስለሆነ፣ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ልጅ የቤተሰቡን ሁሉ ጥያቄ ያነሣል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባለ ልጅን ዝም ማሰኘት የተለመደ ቢሆንም፣ በእንዲህ ያለ ሥፍራ ጉዳቱ ከባድ ነው። ለምሳሌ በደጅ ባቆረ ውኃ ውስጥ የሚርመሰመሰው ምን እንደሆነ ልጅ ቢጠይቅ፣ ውኃውን በጣሳ ቀድቶ እጩን ማሳየት ይቻላል። እጩ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ትንኝ እንደሚሆን፣ ወባን የምታስተላልፈውም ሌሊት የምትናከሰው እንስቷ እንደሆነች ይነገረዋል። ከዚያም ውኃውን በደረቅ መሬት ላይ አብሮ መድፋትና ኩሬውን ማፋሰስ ይገባል። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ሳይታዘዝ ይጠነቀቃል፤ አጎበሩንም ይዘረጋል።

ጠያቂነት ግን ወሰን ያስፈልገዋል። የማይታወቅ ፍሬ ከመቅመሱ በፊት አካባቢውን ከሚያውቁት ነባር ነዋሪዎች፣ በመተከል ከጉሙዝ ጎረቤቶች፣ መጠየቅን ልጁ ይማር። ወላጅም መልሱን ካላወቀ «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ማለቱ አያሳፍረውም። በማታው የእንቆቅልሽ ጨዋታ የአዲሱን አገር ዛፍ፣ አዝመራና ወንዝ ማስገባትም ልጆች ያዩትን እንዲያስተውሉ ይረዳል።

ከሁሉ የሚከብደው «መቼ እንመለሳለን?» ወይም «እኅቴ የት ናት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሐሰተኛ ተስፋ ለጊዜው ቢያስታግስም ኋላ እምነት ያሳጣል። ስለሆነም አጭርና እውነተኛ መልስ በርኅራኄ ሊሰጥ ይገባል። ስለ ሐዘኑ መጠየቅ የተከለከለ ልጅ ስለ ኩሬውም መጠየቁን ይተዋልና።