ቴስተሩ 12.6 ቮልት ይላል፣ መብራቱ ግን ፈዟል

አጎቴ የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የግብርና ባለሙያ ስለነበሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ በሞተር ሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞሩ ነው የኖሩት። አሁን ያለቻቸው አሮጌ የጃፓን ሥሪት፣ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ናት፤ አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ የገዟት። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ማታ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ደህና አልነበረም። ከገበያ ሲመለሱ መሽቶባቸዋል፤ የፊት መብራቷ ጋዙ እንዳለቀ ፋኖስ ሆኗል፤ መንገዱ ላይ የተኛውን በሬ ያዩት አጠገቡ ከደረሱ በኋላ ነው። በሬውን ሲሸሹ ቦይ ውስጥ ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክርናቸው ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

«ባትሪ ስቀይር ይኼ ሁለተኛዬ ነው» አሉኝ። «አምፖልም ቀይሬያለሁ። አሁን ደግሞ መካኒኩ ስታተሩ ተቃጥሏል፣ እሱን ካልቀየርን አይሆንም ይለኛል። አንቺ ኤሌክትሪክ አይደለም እንዴ የተማርሽው? ምን ትያለሽ?»

ስታተር ማለት ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚመነጭባቸው የተጠቀለሉ ሽቦዎች ናቸው። ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ቢገኝ እንኳ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ በስልክ ምርመራ ጀመርኩ። የጎረቤት ልጅ ቴስተር ነበረው። ባትሪውን ለካልኝ፤ 12.6 ቮልት። ይህ የሞላ ባትሪ ቁጥር ነው። ቀጥሎ አምፖሉን ነቅሎ ሶኬቱ ላይ እንዲለካ ነገርኩት፤ 12.5። «ኤሌክትሪኩ እስከ አምፖሉ ድረስ በደንብ ይደርሳል፤ እንግዲያው ጥፋቱ የአምፖሉ ነው» ብዬ በሙሉ ልብ ፈረድኩ። ሌላ አምፖል ተገዛ። መብራቱ ያው ነው።

«ሁለተኛ ዲግሪ ይዘሽ አምፖል ማብራት አቃተሽ?» አሉኝ። እየሳቁ ነው የተናገሩት፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ቧንቧው ሳይከፈት

የቧንቧ ውኃ ያላችሁ ልጆች ይኼን ታውቁታላችሁ። ቧንቧው ዝግ ሳለ ውስጡ ያለው ግፊት ሙሉ ነው። መስመሩ መሀል ላይ በዝገትና በደለል ጠቦ ቢሆን እንኳ፣ ውኃው እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ከጠባቡ ቦታ በፊትም በኋላም ግፊቱ አንድ ዓይነት ነው። የግፊት መለኪያ ብታስሩበት «ምንም ችግር የለም» ይላችኋል። ቧንቧውን ስትከፍቱት ግን ውኃው መንጠባጠብ ይጀምራል።

ቮልቴጅን እንደዚያ ግፊት አስቡት። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ሕግ ዛሬ በአጭሩ እንዲህ ይባላል፦ በአንድ ሬዚስታንስ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ፣ በውስጡ የሚያልፈው ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንሱ ነው። ስለዚህ ከረንት ከሌለ፣ መንገዱ የቱንም ያህል የተበላሸ ቢሆን፣ የሚጠፋ ቮልቴጅ የለም።

ዲጂታል ቴስተር ደግሞ ቮልት ሲለካ ከረንት እንዳይስብ ሆን ተብሎ ነው የሚሠራው። የብዙዎቹ የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሚሊዮን ኦም ገደማ ነው። በ12.6 ቮልት ባትሪ ላይ ስታሳርፉት የሚስበው ከረንት ከአንድ ሚሊዮንኛ አምፒር ብዙም አይበልጥም። በመንገዱ ላይ 2 ኦም የሚያህል የዛገ መገናኛ አለ እንበል። እዚያ ላይ የሚጠፋው ሁለት ሚሊዮንኛ ተኩል ቮልት ቢሆን ነው፤ ቴስተሩ ሊያየው ቀርቶ ሊጠረጥረውም አይችልም። የ35 ዋት አምፖል ግን 3 አምፒር ገደማ ይፈልጋል። በዚያው መገናኛ 3 አምፒር እናሳልፍ ብንል 6 ቮልት ይበላል፣ የባትሪውን ግማሽ ማለት ነው። በተግባር ከረንቱም አብሮ ስለሚቀንስ ነገሩ እስከዚያ አይደርስም፤ ግን ሐሳቡ ገብቷችኋል።

እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? አምፖሉ እንዲነቀል አዘዝኩ፤ ከረንቱን ራሴ አስቆምኩና «ቮልቴጁ ሙሉ ነው» አልኩ። ቧንቧውን ዘግቶ ግፊት መለካት ማለት ይኼ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የተማርኩት ነገር መሆኑን ሳስብ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ብዙ ሰው የሚወደው የቴስተሩ «ቢፕ» የሚል ድምፅም ያው ነው። ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነ ለማወቅ ይረዳል። ነገር ግን ብዙዎቹ ቴስተሮች ጥቂት አሥር ኦም ድረስ ያለውን ሁሉ «ቢፕ» ብለው ያሳልፉታል። ከሃያ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንዷ ብቻ የቀረችለት ሽቦም «ቢፕ» ይላል፤ መብራት ግን በደንብ አይሸከምም።

ለገና ስሄድ

ለገና ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ ቴስተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ዕቃ ከመፍታቴ በፊት ግን ሞተር ሳይክሏን ዝም ብዬ ማየት ነበረብኝ፤ አሮጌ ዕቃ ብዙ ነገር ራሱ ይናገራል።

ሞተሩ በመጀመሪያው ምት ተነሣ። ይህ ስለ ባትሪው ብዙም አይነግረንም። በዚህ ዓይነቷ ሞተር ሳይክል የካንዴላው እሳት የሚመጣው ከባትሪው ሳይሆን ስታተሩ ላይ ካለ ለብቻው ከተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ባትሪው ሞቶም ሞተሩ ሊነሣ ይችላል። ክላክሱ ጉንፋን እንደያዘው ዶሮ ነው የሚጮኸው። ይበልጥ የገረመኝ ግን ፍሬቻው ነው፤ ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር የፊት መብራቱ አብሮት ይፈዛል፣ ፍሬቻው ሲጠፋ ተመልሶ ትንሽ ይጎላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፍሬቻና የፊት መብራት የየራሳቸው ሽቦና ማብሪያ አላቸው። አንዱ ሌላውን የሚነካው የጋራ የሆነ ነገራቸው ሲታመም ነው። የጋራቸው ምንድን ነው? በአንድ በኩል ባትሪው፣ ፊውዙና ዋናው ቁልፍ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ። ይህን መመለሻ ነው ብዙ ሰው የሚረሳው። ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ መድረሱ ብቻ አይበቃም፤ ዞሮ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መመለስ አለበት። ሞተር ሳይክል ላይ ሽቦ ለመቆጠብ ይህን መመለሻ ሻንሲው ራሱ ይሠራዋል፤ ብረቱ እንደ አንድ ወፍራም ሽቦ ያገለግላል። መካኒኮቹ ግራውንድ የሚሉት እሱን ነው።

አሁን መለካት። የፊት መብራቱ እንደበራ፣ ሞተሩ እንደጠፋ። (በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች የፊት መብራቱ በቀጥታ ከስታተሩ ስለሚመጣ ሞተሩ ካልዞረ አይበራም፤ የእኛዋ ከባትሪ ነው የምትወስደው።) ባትሪው ላይ 12.2 ቮልት። አምፖሉ ሳይነቀል በሁለቱ እግሮቹ መካከል 8.1። የቀረው 4.1 ቮልት የት ገባ? ኪርኾፍ በ1845 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በአንድ ዙር ውስጥ የሚጠፉት ቮልቴጆች ተደምረው ምንጩ የሰጠውን መሙላት አለባቸው። ስለዚህ የሆነ ቦታ አለ፤ መፈለግ ብቻ ነው።

የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ፖዘቲቭ ላይ አሳረፍኩ፦ 0.1 ቮልት። በፊውዙ፣ በቁልፉና በማብሪያው በኩል ያለው መንገድ በሙሉ ጤነኛ ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ኔጋቲቭ ላይ፦ 4.0 ቮልት። ጤነኛ ግራውንድ ቢሆን ከ0.2 ባልበለጠ ነበር።

አጎቴ ቁጥሩን አይተው «አራት ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ። ከመመለስ ይልቅ አንድ ሜትር ሽቦ አመጣሁና አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ኔጋቲቭ ላይ አስነካሁት። የጓሮው ግድግዳ በብርሃን ተሞላ። ይህን ሙከራ ለማድረግ ቴስተር እንኳ አያስፈልግም፤ ሽቦውን ፖዘቲቭ አጠገብ አለማድረስ ብቻ ነው።

ለምን ያን ያህል ተለየ? የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም። በግምት ከቮልቴጁ 3.4ኛ ፓወር ጋር ነው የሚሄደው። ቮልቴጁ ከ12.2 ወደ 8.1፣ ማለትም ወደ ሁለት ሦስተኛ ሲወርድ፣ ብርሃኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወድቃል። ያን በሬ አጎቴ ያላዩት ለዚህ ነው።

ታንኩን አወረድነውና ጥቁሩን ሽቦ ተከተልነው። ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት በብሎን ከሻንሲው ጋር ታስሯል። ብሎኑን ፈታሁት። ከቀለበቱ ሥር ያለው ባዶ ብረት ሳይሆን የሚያምር ሰማያዊ ቀለም ነው! ሻንሲው ለጨረታ እንዲያምር ተቀብቷል፣ ቀለበቱም ቀለሙ ላይ ተመልሶ ታስሯል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከረንቱ ሲመለስ የነበረው በብሎኑ ጥርሶች በኩል ብቻ ነው፤ ለተወሰኑ ዓመታት ያም በቂ ነበር። በኋላ ጥርሶቹ ዛጉ። ከረንቱን ስለካው 2.3 አምፒር ስለነበር፣ 4.0 ለ2.3 ሲካፈል የመገናኛው ሬዚስታንስ 1.7 ኦም ይሆናል። እዚያች ብሎን ላይ ወደ 9 ዋት የሚጠጋ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክን ነበር። ሙቀቱ ዝገቱን ያፋጥናል፣ ዝገቱ ደግሞ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፤ እንዲህ እየተባባሰ ይሄዳል።

ጥገናው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፋቅን፤ ቀለበቱንም እንዲሁ። አጥብቀን አሰርነው፤ እርጥበት እንዳይገባ ከላይ ግራሶ ቀባነው። ደግሜ ስለካ 4.0 የነበረው 0.05 ሆነ።

ሌላ ያየነው

ከረንቱን ለመለካት ፊውዙን ስከፍት ውስጡ ያገኘሁት የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ነው። ስንት ቦታ እንዳየሁት! ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ትንሽዬ የሞተር ሳይክል ባትሪ እንኳ ፖዘቲቭ ሽቦው ተልጦ ሻንሲውን ቢነካ ከ100 አምፒር በላይ ሊያፈስ ይችላል፤ ቀጭኑ ሽቦ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ያ ሽቦ የሚያልፈው ደግሞ ቤንዚን ታንኩ ሥር ነው። ፊውዝ በተደጋጋሚ ከተቃጠለባችሁ የተላጠ ሽቦ ፈልጉ። መጀመሪያ የሚታየው መሪው አንገት አካባቢ ነው፤ መሪው በዞረ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያ ይታጠፋሉ፣ ይፈጋሉ። መብራቱን አብርታችሁ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩት፤ ብልጭ ድርግም ካለ ቦታውን አገኛችሁት።

ስታተሩንም ሳልለካ አልተውኩም። ሞተሩን አስነሥተን ነዳጅ ስንሰጠው ባትሪው ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 14.1 ወጣ። ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ከሆነ ስታተሩም ሬጉሌተሩም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ስታተሩ ቢገዛ ኖሮ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ነበር የሚቀረው። መካኒኩን ግን አልወቅስም፤ እኔም በስልክ ያደረግኩት ከሱ አይሻልም። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቃችሁ፦ «ስታተሩ ይሠራል ወይ» ለማለት ሞተሩ እየዞረ የባትሪውን ሽቦ የሚነቅሉ አሉ። እንዳትሞክሩት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ሊዘልና አምፖሉንም ሬጉሌተሩንም ሊያቃጥል ይችላል።

በመጨረሻ አጎቴ «አረጁ» ብለው ጥግ ያስቀመጧቸውን ሁለት ባትሪዎች አወጡ። ቻርጅ አደረግናቸውና በማግስቱ ሁለቱንም ለካን፤ አንዱ 12.5፣ ሌላው 12.6። በየተራ የ35 ዋቱን አምፖል አሰርንባቸው። የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ወደ 9.8 ወረደ፤ እሱ በእርግጥ አርጅቷል፣ መቀየሩ ትክክል ነበር። ሁለተኛው ከ12.1 ንቅንቅ አላለም። ያኛው አሁን ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ ያጫውታል።