መዝገቡ በማን እጅ ነው?

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተዘጉ። እገዳው እስከ ሐምሌ ዘለቀ። በእነዚያ አምስት ወራት ቪፒኤን ያለው እየተሽሎከለከ ገባ፤ የሌለው ውጭ ቀረ። ብዙ የገጽና የቻናል ባለቤቶች ያን ጊዜ አንድ ነገር ሳይታወቃቸው አልቀረም፤ ተከታዮቼ የሚሏቸውን ሰዎች የሚያገኙበት አድራሻ በእጃቸው የለም። አድራሻው ያለው ኩባንያው ዘንድ ነው። ኢሜይል ግን ከታገዱት መካከል አልነበረም። ሦስት መቶ አንባቢ ብቻ ያለው የኢሜይል ኒውስሌተር በዚያ ሰሞን እንደ ወትሮው መላክ ይችል ነበር፤ መቶ ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ ግን አንባቢው በሆነ ዘዴ እስኪመጣለት ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ኒውስሌተር ልጀምር የሚል ሰው ስለ ዲዛይኑ፣ ስለ ስሙና ስለሚላክበት ቀን ከመጨነቁ በፊት ስለ አንባቢዎቹ መዝገብ ማሰብ አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይስተካከላል።

ኒውስሌተር ሲባል ፈቅደው ለተመዘገቡ ሰዎች በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ቀጠሮውን ጠብቆ በኢሜይል የሚደርስ ጽሑፍ ነው። የሚጓዝበት መንገድ አሮጌ ነው። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትወርክ መልእክት የላከው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኤስኤምቲፒ የሚባለው የመላላኪያ ደንብ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። የዚህ ደንብ ትልቁ ቁም ነገር ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። ጂሜይል የሚጠቀም ሰው ያሁ ለሚጠቀም፣ የባንክ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ለዩኒቨርሲቲ መምህር ይጽፋል፤ ማንም ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከቴሌግራም ወደ ዋትስአፕ እንዲህ ልላክ ቢሉ አይሆንም። ስለዚህም ኒውስሌተር የሚልክ ሰው በሚጠቀምበት አገልግሎት ባይደሰት፣ የተመዝጋቢዎቹን አድራሻ በአንድ ፋይል አውርዶ ወደ ሌላ አገልግሎት ይጭነዋል፤ አንባቢው ለውጡን ልብ ላይለው ይችላል። በእድርም ድንኳኑ ቢያረጅ ሌላ ይተከላል፤ ጉድ የሚፈላው የአባላቱ መዝገብ የጠፋ ዕለት ነው።

የመንግሥት እገዳ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር አይደለም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን በር የሚዘጋው መንግሥት ብቻ አይደለም። ፌስቡክ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የወዳጅና የቤተሰብን ጽሑፍ እንደሚያስቀድም፣ የመገናኛ ብዙኃንና የንግድ ገጾችን ደግሞ እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ ለዓመታት ተከታይ ሲያጠራቅሙ የኖሩ አሳታሚዎች አንባቢያቸው ከእጃቸው ሲያመልጥ አዩ። ሕግ አልተጣሰም፤ ቤቱ የእነሱ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሰብስታክ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ሥራ ጀምሮ ነበር። በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ጸሐፊው ስለ ቻይና ሲኖሲዝም የሚል ኒውስሌተር የሚያዘጋጀው ቢል ቢሾፕ ነበር፤ ቀድሞም በነጻ ሲልክላቸው የኖሩ አንባቢዎች ስለነበሩት ክፍያ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ሰው አላጣም። ሰብስታክ ከክፍያው 10 በመቶ ይወስዳል፤ መዝገቡን ግን ጸሐፊው ይዞት መሄድ ይችላል። ሥራው የቆመው በዚህ ውል ላይ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የአገር ቤቱ ነው፦ «እዚህ ኢሜይል ማን ያነባል?» አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጂሜይል አድራሻ አለው፤ ያለ ጉግል አካውንት ፕሌይ ስቶር አፕ አያወርድለትም። ነገር ግን ስንቱ አድራሻ ስልኩን የሸጠው ልጅ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የከፈተው ነው፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉ ቀርቶ አድራሻውን እንኳ አያውቀውም። ስለዚህ ሕዝብ በሙሉ ይድረሰው ለሚባል ጽሑፍ ኒውስሌተር መንገዱ አይደለም፤ ሬዲዮና ቴሌግራም ይሻላሉ። ይህን አምኖ መነሳት ግን ሥራውን አያጠፋውም፣ ያጠራዋል እንጂ። ጨረታ የሚከታተል ተቋራጭ፣ የትምህርት ዕድል የሚፈልግ ተመራቂ፣ በግብረ ሰናይ ድርጅትና በባንክ የሚሠራ ባለሙያ፣ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ቀኑን በኢሜይል የሚጀምር ወገን፣ እነዚህ ሁሉ ኢሜይላቸውን ሳያዩ አይውሉም። ቴሌግራሙም ቢሆን መተው የለበትም፤ እዚያ የተገኘውን አንባቢ «ሙሉውን በኢሜይል ልላክልዎት» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ይቻላል።

ሌላው ሙግት ጂሜይልም የራሱ ዘበኛ አለው የሚል ነው። አለው፤ ብዙ መልእክት ስፓም ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንባቸውን አጥብቀዋል። ወደ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ የሚልክ ሰው የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡ ቅንብሮችን በዶሜኑ ላይ ማስገባትና ተመዝጋቢው በአንድ ጠቅታ የሚወጣበትን መንገድ ማበጀት አለበት፤ «ይህ ስፓም ነው» ብለው የሚከሱትም ከ1,000 መልእክት 3 እንዳይደርሱ ይጠበቃል። ከፌስቡክ ጋር ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ይህ ደንብ በይፋ የተጻፈ ነው፤ የሚፈርደውም በአብዛኛው አንባቢው ነው፤ የተጣለበት ላኪም አድራሻዎቹን አይነጠቅም። ከስብሰባ የተሰበሰበ የቢዝነስ ካርድ፣ የተመራቂዎች ዝርዝር፣ ወይም በገንዘብ የተገዛ የአድራሻ ክምር መዝገብ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ያልጠየቀ ሰው ክሱን ይጫናል፣ ሦስት ሰው ደግሞ በቀላሉ ይገኛል። በ1978 እ.ኤ.አ. ጌሪ ቱርክ የተባለ የኮምፒውተር ሻጭ ለአራት መቶ ገደማ ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በጅምላ ሲልክም ቁጣ ነበር የተከተለው። ዛሬ የአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት መጠቀምን አይፈቅድም። ጥንቃቄው ቀላል ነው፤ የተመዘገበው ሰው በሚደርሰው የማረጋገጫ መልእክት ላይ አንዴ እንዲጫን ማድረግ። በዚህ መንገድ መዝገቡ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ይደግ።

ጀማሪ የሚሰናከልባቸው ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። በጅምላ መላኪያ አገልግሎት እየተጠቀሙ በላኪ ስም ላይ ነጻውን የጂሜይል አድራሻ ማድረግ መልእክቱን ለስፓም አሳልፎ መስጠት ነው፤ በዓመት ጥቂት ከፍሎ የራስን ዶሜን መያዝ ይበጃል። የአማርኛውን ጽሑፍ እንደ ፖስተር በሥዕል አድርጎ መላክም ልማድ ሆኗል። ፊደላችን በየስልኩ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታይ በነበረበት ዘመን ምክንያት ነበረው፤ የግዕዝ ፊደል ግን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር የፊደላት ደንብ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ሥዕል ብቻ የያዘ ኢሜይል አጣሪውን ያስጠረጥራል፣ ምስል በማይከፍት ስልክ ላይ ባዶ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ከወር በኋላ ሲፈለግም በቃል አይገኝም። ርእሱም ላይ ስስት ያስፈልጋል፤ ስልክ የሚያሳየው ጥቂት ቃላት ብቻ ስለሆነ «ሳምንታዊ መልእክታችን ቁጥር 4» የሚለው ቦታውን ከጨረሰው ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ይቀራል፤ «የቡና ዋጋ ለምን ወረደ?» የሚለው ግን ሙሉውን ይነበባል። ስንት ሰው ከፈተው የሚለውንም ቁጥር ብዙ ማመን አያስፈልግም። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ያልተነበበ መልእክት እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። መልስ ጽፎ የላከ አንድ አንባቢ ከሃምሳ «ከፋች» ይበልጣል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ የአዲስ አበባው ጸሐፊ ከውጭው ጋር እኩል አይደለም። ሰብስታክ ለጸሐፊዎቹ የሚከፍለው በስትራይፕ በኩል ሲሆን፣ ስትራይፕ በኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ነጻ ኒውስሌተር መላክ ይቻላል፤ ክፍያ መሰብሰብ ግን በዚያ በር አይሆንም። የቀረው መንገድ ስፖንሰር መፈለግ፣ አለዚያም በቴሌብር ወይም በባንክ ያስገባውን ሰው ደረሰኝ እያዩ በተመዝጋቢዎቹ ፋይል ላይ ከስሙ አጠገብ «ከፍሏል» ብሎ መጻፍና ልዩውን እትም ለእነሱ ብቻ መላክ ነው። አሰልቺ ነው፤ ከፋዩ ሁለት መቶ ሲያልፍ ረዳት ያስፈልጋል። ሆኖም ስሙና አድራሻው በአንድ ፋይል ላይ ስላለ የሚሠራ ነገር ነው፤ በፌስቡክ ገጽ ላይ ግን ከማን ስም አጠገብ ይጻፋል?